ስሕተትን ስለ መቍጠርና ድምፅን ስለ መስማት
(ስለ ክላሪኔት ነፊው ስለ ጆርጅ ሉዊስ ሕይወትና ሥራ)

ሰው የሌላውን ሰው ሥራ በሚመዝንበት ጊዜ በሁለት መንገድ ሊበድል ይችላል። በአንደኛው መንገድ ጉድለቱን ብቻ ለቅሞ ይቈጥርና ሥራውን ይንቃል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ለሠራተኛው ከማዘኑ የተነሣ ጉድለቱን እንደ ጌጥ አድርጎ ያወድሳል። የመጀመሪያው በደል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ሁለተኛው ግን የርኅራኄ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ብዙዎችን ያስታል። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የልጆችን ደብተር ሳርም ስለ ኖርሁ ሁለቱንም በገዛ እጄ ፈጽሜአቸዋለሁ። ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ ግን ከደብተር ይልቅ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ነው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር መምህር ነበሩን። እንግሊዝኛና መዝሙር ያስተምሩን ነበር፤ እሑድ ማታም ከራት በኋላ ሸክላ ማጫወቻቸውን ወደ ምግብ ቤቱ አምጥተው ሙዚቃ ያሰሙን ነበር። አንድ ቀን በክላሪኔት የተነፉ ሁለት ሸክላዎች አከታትለው አሰሙን። የመጀመሪያው ሞዛርት በሞተበት ዓመት፥ በ1791፥ ለክላሪኔት የደረሰው ኮንቼርቶ ነበር። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፥ አንዲት እንከን የማይገኝበት ነው። ሁለተኛው ጆርጅ ሉዊስ የሚባል የኒው ኦርሊንስ ሰው የነፋው ዝግ ያለ ብሉዝ ነበር። የዚህ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከቅኝቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይወጣል። እኛም ሳቅን። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ኖታ ማንበብ ከተማሩት ጥቂት ልጆች አንዱ ስለ ነበርሁ አዋቂነቴን ማሳየት ፈልጌ ነው። መምህሩ አልተቈጡንም። ሸክላውን አንሥተው በጨርቅ ጠረጉና እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀመሩት። በሁለተኛው ጊዜ የሳቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ በሦስተኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ መምህሩ ማጫወቻውን ዘግተው፥ ምንም ቃል ሳይጨምሩ፥ ደኅና እደሩ ብለውን ሄዱ።

የዚያን ምሽት ትርጉም ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል። አሁን ግን ስለ ሰውየው ሕይወትና ሥራ የማውቀውን ላቅርብ፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኒው ኦርሊንስ በአሜሪካ ደቡብ፥ በሉዊዚያና ግዛት፥ የሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር ለመግባት ሲቃረብ በሚጠማዘዝበት ስፍራ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ፈረንሳዮች በ1718 ቈረቈሯት፤ ቀጥሎም እስፓኞች ገዟት፤ በ1803 ለአሜሪካ ተሸጠች። ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው በዚያች ከተማ ከነጮቹ የናስ መሣሪያና ማርሽ ተቀብለው፥ ከራሳቸው ዜማና ምት ጋር አዋሕደው፥ ዛሬ ዓለም ጃዝ የሚለውን ሙዚቃ አወጡ። በከተማይቱ እንደ እኛ እድር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት ነበሩ። አባል የሆነ ሰው ሲሞት ማኅበሩ የቀብሩን ወጪ ይሸፍናል፤ የሙዚቃ ጓድም ቀጥሮ ያስከትላል። ጓዱ ወደ መቃብር ሲሄድ ዝግ ያለ መዝሙር ይነፋል፤ አስከሬኑን ከተሰናበተ በኋላ ግን ከበሮው ይፈታና ሕዝቡ እየጨፈረ ይመለሳል። ይህን ልማድ ያላወቀ ሰው የጆርጅ ሉዊስን ክላሪኔት ሊረዳ አይችልም፤ በዚያ መሣሪያ ውስጥ ልቅሶና ጭፈራ ተለያይተው አያውቁምና።

ጆርጅ ሉዊስ ጁላይ 13 ቀን 1900 በዚያች ከተማ ፈረንሳይ ሰፈር በሚባለው ቀበሌ ተወለደ። እናቱ አሊስ ዚኖ በሰው ቤት እየሠራች ያሳደገችው ሴት ናት። በቤተ ሰቡ ዘንድ ሲተረክ እንደ ኖረው፥ ከእርሷ አያቶች አንዲቱ ገና ሕፃን ሳለች ከሴኔጋል በባርነት የመጣች ነበረች። አሊስ ክሪዮል የሚባለውን የፈረንሳይኛ ዓይነት ትናገር ነበር። ከዘጠና ዓመት በላይ ኖራ በ1960 እስክትሞትም ድረስ የአያቶቿን ታሪክ ለልጇና ለሚጠይቋት ሁሉ ታወራ ነበር። ልጁ ድሀ ይሁን እንጂ ትዝታ የሌለው ድሀ አልነበረም።

በዚያ ዘመን በኒው ኦርሊንስ ክላሪኔት በሥርዓት የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ሎሬንዞ ቲዮ ነው፤ ጂሚ ኑን፥ ባርኒ ቢጋርድና ኦመር ሲሚዮን ከእርሱ ዘንድ ኖታና የጣት አያያዝ ተምረዋል። ጆርጅ ሉዊስ ግን በርካሽ የልጆች ዋሽንት ጀመረ፤ ኋላም በወጣትነቱ ክላሪኔት አግኝቶ ሌሎችን እየሰማ ራሱን አስተማረ። ኖታ ማንበብ አልተማረም። የጃዝ ዜማዎችን፥ የመዝሙር ዜማዎችንና ማርሾችን በጆሮው ተቀብሎ በጣቶቹ አኖራቸው።

ከ1910ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ታላላቆቹ ሙዚቀኞች ከተማይቱን እየተዉ ወደ ሰሜን ሄዱ። ኪንግ ኦሊቨር ሄደ፤ ክላሪኔት ነፊው ጆኒ ዶድስ ሄደ፤ ሉዊ አርምስትሮንግም በ1922 ወደ ሺካጎ ተጠራ፥ ከሦስት ዓመት በኋላም በራሱ ስም ሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ። ከአርምስትሮንግ በአንድ ዓመት የሚበልጠው ጆርጅ ሉዊስ በአገሩ ቀረ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢቫን ቶማስ በሚባል መለከት ነፊ ጓድ ውስጥ ሲሠራ፥ አንድ ምሽት ሬይን በምትባል ትንሽ ከተማ ጭፈራ ላይ ሳሉ ኢቫን ቶማስ እዚያው መድረኩ ላይ በስለት ተወግቶ ሞተ። ዘመኑ ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የደረሰበት ነበር፤ ሙዚቃ እንጀራ አልሆነም። ስለዚህ ጆርጅ ሉዊስ ወደብ ወረደና ጫኝና አውራጅ ሆነ። ቀን ሸክም ይሸከማል፤ ማታ በየጭፈራ ቤቱ ለጥቂት ሳንቲም ይነፋል። ሰውነቱ ቀጭንና ደካማ ነበር። እንዲህ ሆኖ 42 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንድም ሸክላ አልተቀረጸም።

በ1939 ስለ ጃዝ አመጣጥ የሚናገር አንድ መጽሐፍ በአሜሪካ ታተመ። የመጽሐፉ አዘጋጆች ባንክ ጆንሰን የሚባል አንድ የጥንት መለከት ነፊ በሉዊዚያና ገጠር ተረስቶ እንደሚኖር ደርሰውበት ነበር። በ1942 ይህን ሽማግሌ ለመቅረጽ የሙዚቃው ወዳጆች ወደ ኒው ኦርሊንስ መጡ፤ ክላሪኔት ነፊም ሲፈልጉ ጆርጅ ሉዊስን አገኙት። ከመጡት ሰዎች አንዱ ዊልያም ራስል ይባላል፤ እርሱ ራሱ በሙዚቃ ትምህርት የበሰለ ሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሜይ ወር በራሱ በጆርጅ ሉዊስ ስም ቀረጸው።

በ1944 ጆርጅ ሉዊስ ወደብ ላይ ሲሠራ ከባድ ዕቃ ደረቱን ተጫነውና ተጐዳ። በቤቱ ሆኖ ሲያገግም ሁለት ጓደኞቹ፥ ባንጆ መቺው ሎረንስ ማሬሮና ባስ መቺው አልሲድ ፓቫጆ፥ መሣሪያቸውን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ራስልም የመቅረጫ መሣሪያውን አመጣ። በዚያን ጊዜ ጆርጅ ሉዊስ፥ ቅኔ ከአፉ እንደሚፈልቅለት ሰው፥ ሳይዘጋጅ የነፋው ዝግ ያለ ዜማ ነው በአንድ የሰፈሩ መንገድ ስም «በርገንዲ ስትሪት ብሉዝ» የተባለው። እኛም ምግብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን የሳቅንበት ይኸው ነበር።

ይህን ሸክላ አሁን በሽምግልናዬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚሰማኝንም እንደሚከተለው እናገራለሁ። ዜማው ትንሽ ነው። ባንጆው እኩል እየረገጠ ይሄዳል፤ ባሱም ከሥሩ ይደግፈዋል፤ ክላሪኔቱ ያንኑ አሳብ ይዞ እየተመላለሰ በየዙሩ ጥቂት ብቻ ይለውጠዋል። ነፊው ፍጥነቱን ለማሳየት አይሮጥም፤ ሰሚውን ለማስደንገጥም አይጮኽም። ከፍ ካለው ድምፅ ተነሥቶ ወደ ታችኛው፥ እንጨት እንጨት ወደሚለው ድምፅ ሲወርድ፥ ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙን ሳይጠራ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ የምንሰማ ይመስላል። ደረቱ የተጐዳ ሰው እንደ ነፋው የማያውቅ ሰሚ እንኳ ትንፋሹ በቍጠባ የወጣ መሆኑን ያስተውላል። የሚንቀጠቀጠው ድምፅም የተማረ ሙዚቀኛ ለማሳመር የሚጨምረው ዓይነት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ከዜማው ጋር ተወልዶ ከዜማው ጋር የሚሞት ነው።

ከሌሎች ጋር ሲነፋ ደግሞ ሌላ ሙያ አለው። በኒው ኦርሊንስ ሥርዓት መለከቱ ዜማውን ይይዛል፤ ትሮምቦኑ ከታች ያግዘዋል፤ ክላሪኔቱ ከላይ ሆኖ በሁለቱ መካከል እንደ ሸማኔ ድር ያመላልሳል። ጆርጅ ሉዊስ በዚህ ሥራ ታማኝ ነው። መለከቱ ሲያርፍ ክፍተቱን ይሞላል፤ መለከቱ ሲመለስ ስፍራውን ይለቅለታል። ብቻውን ጐልቶ ለመሰማት ጓደኛውን የሚጫንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙ የተማሩ ነፊዎች ይህን ትሕትና እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተማሩትም።

ጉድለቱንም እንዳልደብቅ እውነት ያዝዘኛል። ቅኝቱ አንዳንድ ጊዜ ከፍ ይላል። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው ጢጥ ይልበታል። ፈጣን ዜማ ሲነፋ የሚመላለስባቸው ጥቂት የለመዳቸው መንገዶች አሉ፤ አሥር ሸክላ አከታትሎ የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ጉድለት ነው። «በርገንዲ ስትሪት ብሉዝ» በአንድ ቀን ሕመም የተወለደ ነበር፤ ዝናው ከወጣ በኋላ ግን በየአገሩ ያለ ሰሚ ያንኑ ይጠይቀው ጀመር፤ እርሱም እስከ ሞቱ ድረስ፥ 24 ዓመት ሙሉ፥ ያንኑ ነፋላቸው። በኋላ ዘመን በተቀረጹት ላይ ዜማው ደኅና ሆኖ ይሰማል፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ የዚያን ቀን ትንፋሽ የላቸውም። አንድ ጊዜ ከልብ የወጣን ጸሎት በየቀኑ በትእዛዝ እንደሚደግም ሰው ያለ ነገር አለባቸው። ጥፋቱ የነፊው ብቻ ነውን? የምናጨበጭብለት እኛም ተካፋዮች ነን።

እንግዲህ ወደ ተቺዎቹ እንምጣ። ተቺዎቹ ከመነሣታቸው በፊት መጀመሪያ የናቀው የገዛ አለቃው ነበር። በ1945 መጸው ባንክ ጆንሰንና ጓዱ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ስታይቨሰንት ካዚኖ በሚባል አዳራሽ መጫወት ጀመሩ። ሕዝብ ጐረፈላቸው፤ ጋዜጦችም ጻፉላቸው። ባንክ ግን በጓደኞቹ አልተደሰተም፤ ኖታ የማያነቡ በመሆናቸው ያቃልላቸው ነበር። በመጨረሻም ተለያዩ። ባንክ በ1947 ኖታ ከሚያነቡ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች ጋር እንደ ተመኘው ሸክላ አስቀረጸ፤ በ1949 ሞተ። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። የኋለኛው የተስተካከለ ነው፤ የፊተኛው ግን ሕይወት አለው። ባንክ የናቃቸው ሰዎች ለእርሱ መለከት እንደ መሬት ለተክል ነበሩ፤ መሬቱን ሲለውጥ ይህን ያስተዋለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የጃዝ ወዳጆች ለሁለት ተከፍለው ይጣሉ ነበር። ዘመናዊውን ጃዝ የሚወዱት ጆርጅ ሉዊስን አላዋቂ አሉት፤ ሙዚቃ ከ1920ዎቹ ወዲህ የሄደበትን መንገድ ያላየ፥ ቅኝት የማይጠብቅ ሰው ነው ብለው ተዉት። በሌላው ወገን ያሉት የጥንቱ ሙዚቃ ወዳጆች ደግሞ አለማወቁን ራሱን ቅድስና አደረጉት። ትምህርት ያልነካው፥ ንግድ ያላበላሸው፥ ንጹሕ ሰው ነው አሉ። እነዚህ ሰዎች ባይመጡ ኖሮ ድምፁ ከወደቡ ጋር ጠፍቶ ይቀር ነበርና ምስጋናችንን አናስቀርባቸው። ነገር ግን አስተውሉ፤ አንድን ሰው ስላልተማረ ብቻ ማድነቅ እንዳይማር መፈለግ ነው። ድሀው ሙዚቀኛ እንደ ድሀ እንዲሰማ፥ ሽማግሌው ባለበት እንዲቆም፥ እኛ በቤታችን ተቀምጠን የጥንቱን ዘመን እንድንሰማበት ብቻ እንዲኖር መፈለግ ነው። ይህ ፍቅር ይመስላል፤ ውስጡ ሲገለጥ ግን ሰውን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማኖር ሆኖ ይገኛል።

ጆርጅ ሉዊስ ራሱ በዚህ ክርክር መካከል ሥራውን ሠራ። ከኒው ዮርክ ተመልሶ የጓዱ አለቃ ሆነ። በ1950 ሉክ የሚባለው ታላቅ መጽሔት ስለ እርሱና ስለ ከተማው ሙዚቃ ጻፈ፤ በ1952 ካሊፎርኒያ ሄደው ተጫወቱ። በ1954 በኦሃዮ ግዛት ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፥ በሠርክ ጸሎት ጊዜ መዝሙሮችን ነፉ፤ ይህም በሸክላ ወጥቷል። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት አድጌ መዝሙር ሲዘመር የሰማሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን ሸክላ ስሰማ ብዙ አሰብሁ። እኛ የምንዘምረው በአራት ድምፅ ተስተካክሎ፥ መምህሩ በበትር እየመራን ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ዝግ ብለው ይጀምራሉ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሁሉም አንድ ስፍራ ይደርሳል። ሥርዓት የሌለው መስሎ የታየኝ ሥርዓት ነበረው፤ እኔ የማውቀው ዓይነት ብቻ አልነበረም።

በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ አገር ወጣቶች ሸክላውን እየሰሙ ይከተሉት ጀመር። ኬን ኮልየር የሚባለው መለከት ነፊ በመርከበኝነት ተቀጥሮ ባሕር ተሻግሮ በ1952 ኒው ኦርሊንስ ደረሰ፤ ከጆርጅ ሉዊስ ሰዎች ጋርም ተቀምጦ ነፋ። በዚያ ዘመን በከተማይቱ ነጭና ጥቁር በአንድ መድረክ መጫወታቸው የተከለከለ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ ቀን ስላለፈበት ታስሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1957 ጆርጅ ሉዊስ ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ያጀበው የዚሁ የኮልየር ጓድ ነበር፤ በ1959 የራሱን ጓድ ይዞ እንደ ገና ሄደ። ከ1963 እስከ 1965 ድረስም ሦስት ጊዜ በጃፓን ተዘዋወረ። በገዛ ከተማው ከነጭ ጋር አብሮ ለመቀመጥ ሕግ የከለከለው የወደብ ሠራተኛ በሩቅ አገር አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት።

ከእንግሊዝ ተከታዮቹ መካከል አንዳንዶቹ የራሳቸውን ድምፅ አገኙ። አከር ቢልክ ከእርሱ አጀማመር ተነሥቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በራሱ ዜማ በዓለም ታወቀ። ሌሎች ብዙዎች ግን መንቀጥቀጡን ቀዱ፤ ከቅኝት መውጣቱን ቀዱ፤ ጢጥታውን እንኳ ቀዱ። የጆርጅ ሉዊስ ጉድለት ለእነርሱ ጌጥ ሆነ። በቅንነት እንናገር፤ ጉድለት ከባለቤቱ ተለይቶ ሲወረስ ጉድለት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያ ሰው ከቅኝት ሲወጣ ወደ አንድ ነገር ለመድረስ ሲል ይወጣ ነበር፤ የቀዱት ግን የሚደርሱበትን ሳያዩ ወጡ። እንግዲህ ጉድለቱን ያወደሱት ተቺዎች ምን እንዳተረፉ ከዚህ ይታያል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር ቃል የገባሁትን ልፈጽም። መምህር በሆንሁ በአራተኛው ዓመት አንድ ከገጠር የመጣ ተማሪ ነበረኝ። ድርሰት እንዲጽፉ ባዘዝኋቸው ጊዜ ይህ ልጅ የአባቱ በሬ በእርሻ መካከል ወድቆ የሞተበትን ቀን ጻፈ። አባቱ ቀንበሩን ሳይፈታ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደ ነበረና፥ ከዚያ በኋላ የቀረውን በሬ ግንባሩን እያሻሸ ወደ ቤት እንደ ወሰደው ጻፈ። እኔ ግን ቀይ እርሳሴን አንሥቼ ሀሌታው ሀ በሐመሩ ሐ ስፍራ፥ እሳቱ ሰ በንጉሡ ሠ ስፍራ፥ አልፋው አ በዐይኑ ዐ ስፍራ የገባበትን ሁሉ ምልክት አደረግሁበት። ሲቈጠር 31 ሆነ። በክፍሉ ፊትም ለምሳሌ እንዲሆን አነበብሁት፤ ያነበብሁት ግን ስለ በሬው ሳይሆን ስለ ፊደሉ ነበር። ልጆቹም ሳቁ።

አንባቢዬ ሆይ፥ እነዚህ ፊደሎች በአማርኛ ሲነበቡ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ታውቃለህ። እንግዲህ ጆሮዬ ያልሰማውን ስሕተት ዓይኔ ቈጠረ፤ ጆሮዬ የሰማውንም እውነት ዓይኔ ሸፈነው። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲያ የሚጽፈው ድርሰት ሁሉ አጭርና ንጹሕ ሆነ፤ ምንም ግን አልነበረበትም። በፊደሉ አሸነፍሁት፤ በድርሰቱ ግን አጣሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን በደሌን ለማካካስ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድሁ። ሌላ ድሀ ልጅ ገጥሞኝ ነበር፤ የጻፈውን ሁሉ አመሰገንሁለት፤ ስሕተቱንም በርኅራኄ ዝም ብዬ አለፍሁት። በብሔራዊ ፈተና ጊዜ የሌላ ሰው እርሳስ አገኘውና ወደቀ። መጥቶ «ጋሼ፥ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ልጅ በንቀት በደልሁት፤ ሁለተኛውን በማዘን በደልሁት። ሁለቱንም ግን አልሰማኋቸውም።

ስለዚህ በጆርጅ ሉዊስ ላይ ያለኝን ፍርድ እንዲህ አድርጌ አኖራለሁ። እርሱ ከሲድኒ ቤሼ ጋር በኃይል የሚስተካከል፥ ከጂሚ ኑን ጋርም በጥራት የሚወዳደር ነፊ አልነበረም። ቢማር ኖሮ ይጐዳው ነበር የሚሉትን አላምንም፤ ቲዮ ያስተማራቸው ሰዎች በመማራቸው አልተጐዱምና። አለመማሩ ጸጋ አልነበረም፤ የድህነቱ ዕዳ ነበር። ጸጋው ሌላ ነው። ማንም በማይሰማበት ዘመን፥ ሸክምና ሕመም እያደከመው፥ ለማትከፍለው ከተማ ያንኑ ሙዚቃ በታማኝነት ሲነፋ ኖረ፤ ሰሚ ሲመጣም ተዘጋጅቶ ተገኘ። በዚያች የ1944 ቀን ደግሞ የራሱን ነገር በራሱ ድምፅ ተናገረ፤ በዚያ ሸክላ ላይ ከቅኝት የወጣውን ድምፅ አንሥቼ በትክክለኛው ብተካው ዜማው እንደሚሻሻል እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ማለት የምደፍረው ግን ስለዚያ ሸክላ ብቻ ነው፤ ስለ ሁሉም ሸክላው አልልም። ፍርድ ለእያንዳንዱ ሥራ ለብቻው መሰጠት አለበት።

በ1961 በዚያው በፈረንሳይ ሰፈር፥ በሴንት ፒተር መንገድ፥ ፕሪዘርቬሽን ሆል የሚባል ቤት ለጥንቱ ሙዚቃ ተከፈተ። ጌጥ የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። ጆርጅ ሉዊስ በመጨረሻ ዘመኑ በዚያ ይነፋ ነበር። ዲሴምበር 31 ቀን 1968 በ68 ዓመቱ ሞተ። በከተማው ልማድ መሠረት የሙዚቃ ጓዶች እየነፉ ሸኙት። በወጣትነቱ ለሌሎች የነፋላቸው ያ ዝግ ያለ መዝሙር በመጨረሻ ለእርሱ ተነፋ።

እናንተ ወጣት መምህራን፥ እናንተም በጋዜጣና በመጽሔት የሰውን ሥራ የምትመዝኑ፥ ይህን ከአንድ ጡረተኛ ተቀበሉ። ቀይ እርሳሳችሁን አትጣሉ፤ ያስፈልጋል፤ ስሕተት ያልተነገረው ልጅ ኋላ ይከሳችኋል። ነገር ግን እርሳሱን ከማንሣታችሁ በፊት ጽሑፉን አንድ ጊዜ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። ሳቅ ቢመጣባችሁ ሁለተኛ አንብቡት። ከዚያ በኋላ ስሕተቱን ቍጠሩ፤ በደብተሩ ግርጌም ከቍጥሩ ጋር የሰማችሁትን ጻፉበት።

የዚያን ልጅ ደብተር ዛሬ ባገኘው 31ዱን ምልክት አልፍቀውም፤ እውነተኛ ስሕተቶች ነበሩና። ከበታቹ ግን በሬው እንዴት እንደ ሞተ አይቻለሁ ብዬ እጽፍበት ነበር።